የወንጂና የአቃቂ ደም የተናገረው

ኤች.አይ.ቪ ብዙ ቤት ባንኳኳባቸው ዓመታት «ሲዲ ፎር» የሐኪሞች ብቻ ቃል መሆኑ ቀርቶ ነበር። ታማሚው ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። ከፍ ካለ ተመስገን ይባላል፤ ከወረደ ቤቱ ዝም ይላል። ቁጥሩ በአንድ ሚሊ ሜትር ኪዩብ ደም ውስጥ ስንት ሲዲ ፎር ቲ ሴሎች እንዳሉ ይናገራል። እነዚህ ነጭ የደም ሴሎች የቀሩትን የመከላከያ ሴሎች የሚቀሰቅሱና የሚያስተባብሩ ናቸው፤ ቫይረሱም በዋናነት የሚያጠቃው እነሱን ነው።

ግን ቫይረሱ ጨርሶ በሌለበት ሰው ደም ውስጥ ልኩ ስንት ነው? መልሱ ለረጅም ጊዜ የሚቀዳው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጥያቄውን ወደ ኢትዮጵያውያን ደም አዞረው። ተመራማሪዎቹ ቤተ ሙከራቸውን አዲስ አበባ ላይ፣ በጊዜው የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው ተቋም ውስጥ አደረጉ። ከዚያም በአቃቂና በወንጂ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎችን ለዓመታት ይከታተሉ ጀመር። ወንጂ ለደቾች እንግዳ አገር አልነበረችም፤ የስኳር ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የእነሱው ኩባንያ ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ። በጥናቱ የተካተቱት ቫይረሱ የሌለባቸው 485 ጤነኛ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ከእነሱ መካከል በዕጣ የተመረጡት የ142ቱ ነጭ የደም ሴል በየዓይነቱ ተቆጠረ። የሲዲ ፎራቸው አማካይ 775 ሆነ። ለማነጻጸሪያ የቀረቡት 1,356 የደች ደም ለጋሾች አማካይ ግን 993 ነበር። ለጤነኛ ኢትዮጵያውያን የተቀመጠው መደበኛ ክልል ከ366 ይጀምራል። ይህ ማለት ሠርቶ የሚያድር፣ ምንም የማያመው ሰው በሌላ አገር ሠንጠረዥ ቢለካ ሕመምተኛ ሊመስል ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ልዩነት ከየት መጣ? ነገሩ የሚጀምረው ቲ ሴል ከሚያድግበት ቦታ ነው።

ሥራ ፈት የተባለው ዕጢ

ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ዕጢ ነው። በሕፃንነት ደርባባ ሆኖ ይታያል፤ ከጉርምስና በኋላ ግን እየሟሸሸ አብዛኛው ክፍሉ በስብ ይተካል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መባቻ ድረስ ብዙ ሳይንቲስቶች ይህ ነው የሚባል ሥራ የሌለው አካል አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ዣክ ሚለር የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነው። ሚለር ለንደን ውስጥ የሚያጠናው የአይጦችን የደም ካንሰር ነበር። ለዚያ ሥራ ሲል ገና ከተወለዱ አይጦች ታይመሱን ቀዶ ያወጣል። አይጦቹ ለጊዜው ደህና ቢመስሉም ውለው አድረው መክሳት፣ በኢንፌክሽንም መሞት ጀመሩ። የነጭ የደም ሴላቸው ብዛት አሽቆልቁሎ ነበር። ከባዕድ ዝርያ የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍባቸው እንኳ ሰውነታቸው አልገፋውም። ሚለር ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተመ። ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ሜልቦርን ላይ ከግራሃም ሚቸል ጋር ሆኖ የሥራ ድርሻቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት ሴሎች መኖራቸውን አሳየ፤ ጸረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ከመቅኔ የሚመጡት ሴሎች ሲሆኑ፣ ከታይመስ የሚወጡት ደግሞ እነሱን ይረዳሉ። ቲ ሴል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዕጢ ነው።

በታይመስ ውስጥ የሚካሄደው ነገር ከዚያ ወዲህ ለብዙ ቤተ ሙከራዎች የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኗል። ከመቅኔ ተነሥተው ወደ ዕጢው የሚገቡት ሴሎች መጀመሪያ ጀርም የሚለዩበት ተቀባይ የላቸውም። ተቀባዩን የሚሠሩት የራሳቸውን ዘረ መል ቁርጥራጭ በዘፈቀደ እየቆረጡና እየቀጠሉ ነው። በዘፈቀደ መሆኑ ጥቅም አለው፤ ማንም አይቶት የማያውቅ ጀርም ቢመጣ የሚለየው ሴል አይጠፋም። አደጋም አለው፤ የገዛ ራስን ቆሽት ወይም ታይሮይድ እንደ ጠላት የሚያይ ሴልም አብሮ ይፈጠራል።

ስለዚህ ሴሎቹ ሁለት ጊዜ ይፈተናሉ። የመጀመሪያው ፈተና የሰውነትን መታወቂያ ፕሮቲኖች ማንበብ መቻላቸውን ያያል። ሁለተኛው ደግሞ የሰውነትን አካል አጥብቀው የሚይዙትን ለይቶ ያወጣል። ፈተናው ከማትሪክም ይከብዳል፤ ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆኑት ይወድቃሉ፣ የወደቀም እዚያው ይሞታል። ለሁለተኛው ፈተና የሚያስፈልገውን ናሙና የሚያቀርበው ኤየር የተባለው ዘረ መል ነው። ይህ ዘረ መል በሌላ የሰውነት ክፍል ብቻ የሚገኙ እንደ ኢንሱሊን ያሉ ፕሮቲኖች በታይመስ ውስጥም በጥቂቱ እንዲመረቱ ያደርጋል። ኤየር የተበላሸባቸው ሰዎች ሰውነታቸው የራሱን ዕጢዎች ያጠቃል።

ከፈተናው ሾልኮ የሚወጣ አጥቂ ሴል ግን አይታጣም። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ሌሎች ቲ ሴሎችን የሚገቱ ልዩ ቲ ሴሎች መኖራቸውን አሳየ። በዚህ ዘርፍ ለሠሩት ሥራም እሱ፣ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል እ.ኤ.አ. የ2025ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ጀማሪዎቹ ለምን አነሱ?

ፈተናውን ያለፈ ሴል ወደ ደም ሲወጣ ገና ጀማሪ ነው፤ ጀርም ገጥሞ አያውቅም። የሚለየው ጀርም ሲመጣ ይነቃል፣ ይባዛል፤ ከፊሉም የበሽታው ትዝታ ይዞ ለዓመታት ይቆያል። ታይመሱ የሟሸሸ አዋቂ አዲስ ጀማሪዎችን የሚያገኘው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ያለውን ክምችት ቶሎ ቶሎ የሚያስወጣ ኑሮ በደሙ ውስጥ ምልክቱን ይተዋል።

የአዲስ አበባው ቡድን ያገኘው ይህንኑ ነው። ጤነኞቹ ኢትዮጵያውያን ከደቾቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጀማሪ ቲ ሴሎቻቸው አነስተኛ፣ የነቁት ደግሞ ብዙ ነበሩ። የመከላከያ ኃይላቸው እንደ ጦር ሠራዊት ሁልጊዜ ግዳጅ ላይ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን ፍንጭ ያመጣው ሌላ ቤተ ሙከራ ነው። እስራኤል ውስጥ ሬሆቮት በሚገኘው የካፕላን ሆስፒታል ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ በቅርብ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ደም ሲመረምሩ ተመሳሳይ ነገር አዩ። ሲዲ ፎር አነስ፣ ሲዲ ኤይት የሚባሉት ቲ ሴሎች ከፍ ብለው፣ ብዙዎቹም ነቅተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሁኔታ ከአንጀት ትላትል ጋር አያያዙት። ትላትሉ በመድኃኒት ሲጸዳላቸው የሴሎቹ ሚዛን እየተስተካከለ ሄደ። እንደ ወስፋትና መንጠቆ ትል ያሉት ጥገኞች በሆድ ውስጥ ለዓመታት ሲኖሩ የመከላከያ ሴሎችን ያለ እረፍት ይነካካሉ። በዚህ ብቻ ግን ሁሉም ነገር አይገለጽም፤ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ አመጋገብና የዘር ውርስም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

ጉዳዩ ከኤች.አይ.ቪ አልፎ ክትባትንም ይነካል። ትላትል ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ የትል መድኃኒቱን አልቤንዳዞል ወስደው የቢሲጂ ክትባት የተሰጣቸው ሰዎች ቲ ሴሎቻቸው ለቲቢ ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሰጡት ምላሽ ትላትሉ ካልታከመላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። በየትምህርት ቤቱ ለተማሪ የሚታደለው የትል ክኒን ከሆድ ቁርጠት የራቀ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል የጠቆመ ሥራ ነው።

ቁጥሩና ሕክምናው

ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ የሚነሣ ሰው ቫይረሱ ቢይዘው ቶሎ ይዳከማል የሚል ስጋት መነሣቱ አይቀርም ነበር። የፋብሪካዎቹ ክትትል ረጅም መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመ። ተመራማሪዎቹ በክትትሉ መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸውን ሠራተኞች ከመያዛቸው በፊት ከተለካው ሲዲ ፎር ጋር ማገናዘብ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው መልስ የሚያጽናና ነው፤ ቀድሞ የነበረው ዝቅተኛ ቁጥር በሽታው እንዲፈጥን አላደረገም።

በእነዚያው ዓመታት ሕክምና የሚጀመረው በሲዲ ፎር መስመር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መስመሩን እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ደግሞ ወደ 500 ከፍ አደረገው። ያን ጊዜ ቫይረሱ በደሙ የሌለ፣ ግን ሲዲ ፎሩ 400 የሆነ የወንጂ ሠራተኛ ከመስመሩ በታች ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ድርጅቱ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ቁጥሩ ሳይታይ መድኃኒት እንዲጀምር መከረ፤ ሕክምና ለመጀመር ሲዲ ፎር መጠበቅም ቀረ።

ምርመራው ግን ከሥራ አልወጣም። ዛሬ አንድ ታማሚ ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች ሲሆን በሽታው ገፍቷል ተብሎ ለቲቢና በክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ለሚመጣው የማጅራት ገትር በሽታ ምርመራ ይደረግለታል፤ መከላከያ መድኃኒትም ይታዘዝለታል። ከ200 በላይ ያለውን ውጤት የሚያነብ የኢትዮጵያ ላቦራቶሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከሌላ አገር የተቀዳ ሠንጠረዥ ላይ ብቻ መተማመን አያስፈልገውም፤ ከወንጂና ከአቃቂ ሠራተኞች ደም የተወሰደ የራሱ መለኪያ አለው።