በውጭ ሀገር ያደጉ ስፖርተኞች አዲስ የስፖርት ዓይነት ስለሚያስጀምሩበት መንገድ

በውጭ ሀገር ኖረው የተመለሱ ስፖርተኞች በሀገራችን ያልተለመደ ስፖርት ለማስጀመር ሲያስቡ በቅድሚያ የሚያነሡት ጥያቄ «ከየት እንጀምር?» የሚል ነው። ለዚህም የአትሌት ሮቤል ተክለማርያም ተሞክሮ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ የበረዶ ሸርተቴንም በዚያው ተማረ። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያን ለመወከል ችሎታ ብቻውን በቂ አልነበረም። በኦሊምፒክ ሕግ መሠረት ተወዳዳሪን የሚያስመዘግበው የሀገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሲሆን፣ ይህንንም የሚያደርገው በብሔራዊ ፌዴሬሽን አቅራቢነት ነው። ስለዚህ ሮቤል የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን አቋቋመ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በጣሊያን ቱሪን በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቃ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር ተሰለፈ።

ነገር ግን በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ ተወዳዳሪ አልነበራትም። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ ስፖርት ተተኪ ለማፍራት ይቸገራል።

የዜግነት ጉዳይ

በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ በራሱ ፈቃድ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመኖርና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ያስችላል። በመሆኑም ባለካርዱ ሊያሠለጥን ይችላል። ካርዱ ግን ዜግነት ስላልሆነ በኦሊምፒክ ሀገርን ለመወከል አያበቃም። ዜግነቱን መልሶ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው መደበኛ መኖሪያውን ኢትዮጵያ ውስጥ ማድረግ፣ የውጭ ዜግነቱን መተውና ማመልከቻ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ቀደም ሲል ሌላ ሀገር ወክሎ የተወዳደረ ከሆነም በመርህ ደረጃ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት።

ከቁይ ሜዳ ቢጀመርስ?

እንደ ሜዳ ሆኪ ላሉት ስፖርቶች መሠረቱ በእጃችን ይገኛል። በቁይም ሆነ በሌሎች የምሥራቅ ጎጃም አካባቢዎች የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ቆልማማ ዱላና ሩር እንግዳ አይሆኑበትም። ልዩነቱ በደንቡ ላይ ነው። በሜዳ ሆኪ እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾችን ያሰልፋል፤ ጨዋታው እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ በሆኑ አራት ክፍለ ጊዜያት ይካሄዳል፤ ኳሷንም በዱላው ጀርባ መምታት አይፈቀድም።

ስለሆነም ፍላጎት ያላችሁ ወገኖች በቅድሚያ ተጫዋቾችን፣ አሠልጣኝንና ዳኛን አሰባስባችሁ፣ የመጫወቻ ስፍራ ለይታችሁ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለወረዳችሁ የስፖርት ጽሕፈት ቤት እንድታቀርቡ ይመከራል። ከውጭ የሚመጣው ባለሙያም ከመነሻው አብረውት የሚሠሩና ሥራውን የሚረከቡ የአካባቢ ወጣቶችን ሊያዘጋጅ ይገባል።