ከኩዊዝ እስከ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ፦ የእንግሊዝኛ ተማሪን መርዳት ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ የትምህርት ሥርዓት እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሌሎቹ ትምህርቶች የሚሰጡበት ቋንቋም ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቋንቋው ይህን ድርብ ኃላፊነት ከሰጠው ወዲህ፣ በእንግሊዝኛ የደከመ ተማሪ የሚጎዳው በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የፊዚክሱ ሕግ በሚገባ የገባው ተማሪ እንኳ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር መፍታት ካቃተው የሚያውቀውን ማሳየት አይችልም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት መንስኤ ብዙ ቢሆንም፣ ፈተናው የሒሳቡንም ሆነ የታሪኩን ዕውቀት የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ መሆኑ ከግምት ሊወጣ አይገባም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ እጃቸውን የሚዘረጉ ጥቂቶች አይደሉም፤ መምህሩ፣ በክፍያ የሚያስጠናው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ታላቅ እኅት ወይም ወንድም፣ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሁሉ የየድርሻቸውን ያደርጋሉ። ነገር ግን እርዳታ ሁሉ አንድ አይደለም። መልሱን የሚሰጥ እርዳታ ለጊዜው ጭንቀትን ቢያቀልም፣ ተማሪው ብቻውን በሚቀመጥበት የፈተና አዳራሽ ውስጥ የሚተርፍለት ነገር የለም፤ ተማሪው መልሱን ራሱ ፈልጎ እንዲያወጣ የሚያስገድደው እርዳታ ግን ለክፍል ኩዊዙም፣ ለዓለም አቀፉ የቋንቋ ፈተናም፣ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻውም ያገለግላል።

ኩዊዝ የመማሪያ መሣሪያ ነው

በየትምህርት ቤቱ ኩዊዝ የሚባለው አጭር ፈተና አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ የሚሸፍን፣ ከአጋማሹና ከማጠቃለያው ፈተና በፊት የሚሰጥና ከጠቅላላው ውጤት ጥቂት ነጥብ የሚይዝ ምዘና ነው። ነጥቡ ትንሽ በመሆኑ ብዙ ተማሪዎች ማታውን ሸምድደው ጠዋት ይፈተኑና ከሰዓት በኋላ ይረሱታል፤ መምህራንም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ውጤት መመዝገቢያ አድርገው ነው። የመማር ሥነ ልቦና ግን ለኩዊዝ ከዚህ የላቀ ቦታ ይሰጠዋል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ካነበቧቸው አጫጭር ጽሑፎች አንደኛውን ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላኛውን ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ያህል እንዲጽፉት አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደግሞ ማንበብ ብልጫ ነበረው፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተማሪዎቹ ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ ያስታወሱት 42 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ሳያዩ ሊጽፉት ከሞከሩት ጽሑፍ ያስታወሱት 56 በመቶ ያህሉን ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ያነበቡትን ከአእምሮ ፈልጎ ለማውጣት መታገል ራሱ ዕውቀትን የሚያጸና ሥራ መሆኑና ደጋግሞ በማንበብ የሚፈጠረው “ገብቶኛል” የሚል ስሜት ብዙ ጊዜ አታላይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ አስጠኚው ወይም ወላጁ ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ እንዲመልስ ማድረግ ነው። አሥር ቃላት የተማረ ልጅ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ቢጠየቅ፣ በአንድ ሌሊት ሠላሳ ጊዜ ከሚያነበንበው የበለጠ ይይዛል፤ ይህ በጊዜ የተራራቀ ክለሳ የሚባለው ዘዴ ነው። የአጠያየቁም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ለምሳሌ “ኢንክሪስ” የሚለውን ግስ “ጨመረ” ብሎ የሸመደደ ተማሪ በምርጫ ጥያቄ ላይ ትርጉሙን ሊለየው ይችላል፤ የጤፍ ዋጋ በስንት በመቶ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደጨመረ ጻፍ ሲባል ግን “ባይ”፣ “ፍሮም” እና “ቱ” የሚሉት መስተዋድዶች የት እንደሚገቡ ግራ ይገባዋል። እንግዲህ ቃሉን አወቀ የሚባለው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከነአጃቢዎቹ ሊጠቀምበት ሲችል ነው።

የታረመ ኩዊዝ ከተመለሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከፈተናው ያላነሰ ዋጋ አለው። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበትን ወረቀት አጣጥፎ ከማስቀመጥ ይልቅ ተማሪው የስህተት ደብተር ይዞ፣ በአንደኛው ዓምድ የጻፈውን ስህተት፣ በሁለተኛው ትክክለኛውን፣ በሦስተኛው ምክንያቱን በራሱ አነጋገር ቢመዘግብ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚያጠፋው በየቦታው ሳይሆን በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ብቻ መሆኑን ይረዳል፤ አስጠኚውም ቀጣዩን ኩዊዝ ከዚያው ደብተር ላይ ማውጣት ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪው የሚሰናከልበት ቦታ

አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚያሳርፍ ቋንቋ ሲሆን፣ ትግርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ በዚህ ረገድ ይመሳሰሉታል። በእነዚህ ቋንቋዎች ማንበብ የለመደ ሰው ፍሬ ነገሩን የሚጠብቀው መጨረሻው ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ዋናውን ግስ ከባለቤቱ ቀጥሎ አስቀምጦ ዝርዝሩን በስተኋላ ያስከትላል። “ትናንት ከጎንደር የመጣው መምህር” በሚለው ሐረግ ገላጩ ከስሙ ሲቀድም፣ በእንግሊዝኛ ግን “መምህሩ” ቀድሞ ገላጩ ሐረግ ይከተለዋል። በመጽሐፍ ውስጥ አራትና አምስት መስመር የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው ተማሪው የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱንና ዋናውን ግስ ብቻ ፈልጎ እንዲያሰምር ማለማመድ ለአንብቦ መረዳት ትልቅ ጥቅም አለው።

በጽሑፍ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይከሰታል። በአማርኛ “መጣ” የሚለው አንድ ቃል ባለቤቱን በውስጡ ስለያዘ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ተለይቶ እንዲጠራ ያስገድዳል፤ ስለ ዝናብ በሚነገርበት ጊዜ እንኳ “ኢት” የሚል ባዶ ባለቤት ያስገባል። እንደዚሁም አማርኛ የታወቀውን ነገር ከስሙ መጨረሻ ላይ በሚጨመር ምዕላድ፣ “ቤቱ” ወይም “ልጅቷ” እያለ ሲያመለክት፣ እንግሊዝኛ “ዘ” እና “ኤ” የሚሉ ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ከስሙ በፊት ስለሚያስቀድም፣ እነዚህ ትንንሽ ቃላት ከተማሪው ጽሑፍ በብዛት ይጎድላሉ። በንግግርም በኩል በተነባቢዎች ክምችት የሚጀምሩ ቃላት “እስኩል” እና “እስትሪት” እየተባሉ “እ” ይጨመርባቸዋል፤ የአናባቢ ርዝመትም የቃሉን ትርጉም የሚለውጥ መሆኑ ይዘነጋል። የተማሪውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያውቅ አስጠኚ እነዚህን ነጥቦች ነቅሶ ማሳየት ስለሚችል፣ ይህ ዕውቀቱ ትልቅ ሀብት ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ንባብ የሚያስፈልገውን የቃላት ዕውቀት በተመለከተ ደግሞ፣ አቨሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው የአካዳሚ ቃላት ዝርዝር በየሙያ ዘርፉ የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ይዟል፤ የቃላት ቤተሰብ ማለትም ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ስብስብ ነው። እነዚህ ቃላት በአካዳሚያዊ ጽሑፎች ውስጥ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን ድርሻ ስለሚይዙ፣ መዝገበ ቃላትን ከመጀመሪያው ገጽ ከመሸምደድ ይልቅ ከዚህ መጀመር ይመረጣል።

ዓለም አቀፍ የቋንቋ ፈተናዎች

ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ተማሪ ብዙውን ጊዜ አይኤልትስ፣ ቶፍል ወይም ዱኦሊንጎ ከሚባሉት ፈተናዎች በአንዱ የቋንቋ ችሎታውን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው አይኤልትስ ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን የሚመዝን ሲሆን፣ ውጤቱ እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይሰጣል። የማዳመጥ ክፍሉ 40 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰማ ተፈታኙ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ማንበብና የሚፈልገው ስም ይሁን ቁጥር መገመት ይኖርበታል። የፊደል ስህተት ያለበት መልስ ነጥብ አያስገኝም፤ የተሳሳተ መልስ ግን ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ ቦታ መተው ጥቅም የለውም። በአካዳሚያዊው የጽሑፍ ክፍል በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፎች ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ሠንጠረዥን ወይም ሥዕላዊ መግለጫን የሚያብራራ፣ ከ150 ቃላት ያላነሰ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ250 ቃላት ያላነሰ መከራከሪያ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ዋጋ ስለሚይዝ 40 ደቂቃ ያህል ሊተውለት ይገባል። በአፍ የተሸመደደ መግቢያና መደምደሚያ ይዞ መግባትም አያዋጣም፤ ፈታኞቹ ይህን ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚሰጠው ቶፍል በኮምፒዩተር የሚወሰድ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ከ120 ይሰጥ የነበረው ውጤት እ.ኤ.አ. ከጃንዩዋሪ 2026 ወዲህ ከ1 እስከ 6 ባለው መለኪያ ስለሚገለጽ፣ የቆዩ መጻሕፍትን ይዞ የሚያጠና ተማሪ ይህን ልብ ማለት አለበት። የዱኦሊንጎ ፈተና ከቤት በኢንተርኔት የሚወሰድና በዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ የመብራትና የኔትዎርክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ አስተማማኝ ቦታ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ፈተና ስለማይቀበልና የአይኤልትስም ሆነ የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ዩኒቨርሲቲው የትኛውን ፈተና፣ በምን ያህል ውጤት እንደሚቀበል ከራሱ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማመልከቻው

የማመልከቻ ዝግጅት ከሁሉ በፊት የሰነድ ሥራ ነው፤ በዚህም የኢትዮጵያውያን ስምና የዘመን አቆጣጠር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የቤተሰብ ስም ስለሌለ በአንዱ ሰነድ ላይ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም በመጨረሻ ስምነት ሊሞላ ይችላል፤ “ፀሐይ” የሚለውን የመሰለ ስምም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋል። የፈተና ምዝገባው፣ የትምህርት ማስረጃውና ማመልከቻው ከፓስፖርቱ አጻጻፍ ጋር አንድ መሆን ይገባቸዋል። በ2016 ዓ.ም. የተሰጠ ማስረጃም አቆጣጠሩ ካልተገለጸበት፣ የውጭ አገር አንባቢ ተማሪው ትምህርቱን ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ እንደጨረሰ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ መምህራንም ቀነ ገደቡ ከመድረሱ ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብሎ ሊነገራቸው ይገባል።

ከሰነዶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው የግል መግለጫ ጽሑፉ ነው። ከ1,000 በላይ ኮሌጆችንና ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገለግለው የአሜሪካው ኮመን አፕ ከ250 እስከ 650 ቃላት የሚደርስ ጽሑፍ ይጠይቃል። የብሪታኒያው ዩካስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2026 ከሚገቡ ተማሪዎች ጀምሮ በድምሩ 4,000 ፊደላት የሚደርስ መልስ የሚሰጥባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉት፤ ትምህርቱን ለምን እንደመረጡት፣ እስካሁን የተማሩት እንዴት እንዳዘጋጃቸውና ከትምህርት ውጪ ምን እንዳደረጉ የሚጠይቁ ናቸው። በክፍል ውስጥ የተለመደው በአጠቃላይ እውነት የሚጀምር የድርሰት ስልት እዚህ ላይ አይረዳም። ተማሪው “ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ” ብሎ ቢጽፍ፣ ብልህ ረዳት ዓረፍተ ነገሩን ከማሳመር ይልቅ “ማንን? መቼ? እንዴት? ከዚያስ ምን ተለወጠ?” ብሎ ይጠይቀዋል። በጥያቄው ብዛት ተማሪው በሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የጀሪካን ወረፋ መዝጋቢ እንደነበር፣ ጭቅጭቅ በዝቶ አረጋውያን የሚቀድሙበትን ደንብ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዳወጣ ሊያስታውስ ይችላል። መራጮቹ ሊያውቁት የሚፈልጉት ይህን ሰው ነው።

ስለዚህ ረዳቱ ጽሑፉን ራሱ መጻፍ የለበትም፤ ኮምፒዩተር እንዲጽፈው ማድረግም ያው ነው። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ መግለጫ ከቋንቋ ፈተናው ውጤትና ከቃለ መጠይቁ ጋር ሲነጻጸር አለመጣጣሙ ይታያል፤ ቢያልፍ እንኳ ተማሪው በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ወር ያንን የሚያህል ጽሑፍ ራሱ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። በገንዘብ በኩልም እውነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች መክፈል ለማይችል አመልካች የማመልከቻውን ክፍያ ያነሣሉ፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ኮሌጅን የመሳሰሉ ጥቂት ተቋማት ደግሞ የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ከመረጡ በኋላ የሚጎድለውን ይሸፍናሉ። ፉክክሩ ግን እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ ቅበላን በእርግጠኝነት አስገኛለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር እየሸጠ ነው።

እንግዲህ መምህራን ኩዊዙን ቶሎ አርመው ቢመልሱና ስለ ስህተቱ በክፍል ውስጥ ቢያወያዩ፣ ትምህርት ቤቶች ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ስለ ማመልከቻ የሚያማክር አንድ መምህር ቢመድቡ፣ ወላጆችም “ስንት አገኘህ?” ከማለታቸው በፊት “ምን ተሳሳትክ? ለምን?” ብለው ቢጠይቁ፣ ከሚያወጡት ገንዘብ ይልቅ የሚያገኙት ጥቅም ይበልጣል። ተማሪውም መልስ ከሚሰጠው ረዳት ይልቅ ጥያቄ የሚጠይቀውን ይምረጥ፤ ከፈተናው ክፍልም ሆነ ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ይዞት የሚገባው ራሱ የሠራውን ብቻ ነውና።