የጎልፍ ሁለተኛ እርከን እና የእኛ የጎዳና ሯጮች

በጎጃም የገና ጨዋታ ሩሩ የሁሉም ነው፤ የቀደመ ይመታዋል፣ የተቀደመ ያሳድደዋል። በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ኳስ አለው፤ የሚሻማውም የሚከላከለውም የለም። በ18 ጉድጓዶች እየተዘዋወረ ኳሱን በትንሽ ምት የከተተ ያሸንፋል፤ ትልልቆቹ ውድድሮች ይህን ዙር ለአራት ቀን ይደጋግሙታል። ጨዋታው አገራችን ውስጥ ከአዲስ አበባ ብዙም ርቆ ስላልሄደ ለጅጋ ወይም ለቡሬ አንባቢ ሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። የሙያው ኑሮ ግን በደንብ የምናውቀውን ሰው ይመስላል፤ እሱም የጎዳና ሯጩ ነው። ጎልፈኛውም ሯጩም ከሽልማት ይኖራሉ፤ ጉልበት ወይም ዕድል የከዳቸው ሳምንት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ልዩነቱ ጎልፍ ለጀማሪ ባለሙያዎቹ መውጫ መሰላል መሥራቱ ላይ ነው። የእኛ ሩጫ ከዚያ መሰላል ሊወስደው የሚገባ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ገንዘቡ አይደለም።

መሰላሉ እንዲህ ይሠራል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው ፒጂኤ ቱር ከዋናው ውድድር በታች የሚካሄድ ሁለተኛ እርከን በ1990 አቋቋመ፤ መጀመሪያ በታላቁ ጎልፈኛ ስም ቤን ሆጋን ቱር ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስፖንሰር በተለወጠ ቁጥር ስሙም ተለውጧል፤ ናይኪ፣ ኔሽንዋይድ፣ ዌብ ዶት ኮም ተብሎ ከ2019 ጀምሮ ኮርን ፌሪ ቱር ይባላል። የውድድር ዓመቱ በጥር ባሃማስ ላይ ተከፍቶ በጥቅምት ይዘጋል። በአንድ ውድድር ከመቶ በላይ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ 65ቱና ከ65ኛው ጋር እኩል የሆኑት ሲቀሩ ሌሎቹ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። ለተሰናባቹ ሽልማት የለም፤ አውሮፕላኑን፣ ሆቴሉንና ዱላ ተሸካሚውን ግን ከኪሱ ከፍሏል። አሸናፊው ከሽልማቱ 18 በመቶ ይወስዳል፤ አንድ ሚሊዮን ዶላር በሚያስይዝ ውድድር 180 ሺህ ማለት ነው። ከገንዘቡ ጋር ነጥብ አለ። የየውድድሩ ነጥብ ተደምሮ በዓመቱ መጨረሻ ከላይ የተገኙት የዋናው ውድድር ካርድ፣ ማለትም የመሳተፊያ መብት፣ ይሰጣቸዋል። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ደግሞ የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ ወዲያው ያልፋል።

ይህን የማነሣው ሥርዓቱ ርኅሩኅ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ጨካኝ ነው። የካርዱ ብዛት 30 ነበር፤ በ2025 ወደ 20 ወርዷል። ነገር ግን ተጫዋቹ ገና ከመነሻው ለስንት ቦታ እንደሚታገል ያውቃል። 21ኛ ወጥቶ የቀረ ሰው በምን ያህል ነጥብ እንደቀረ ማንንም ሳይጠይቅ ያነባል። በ2019 በዚህ እርከን ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ስኮቲ ሼፍለር በ2022ና በ2024 ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ በሆነው ማስተርስ ሻምፒዮን ሆኗል። ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት እንዳይመስልም ጎረቤታችን ኬንያ አለች። ኬንያ ኦፕን ከ1991 እስከ 2018 የአውሮፓ ሁለተኛ እርከን ውድድር ነበር፤ በ2000 እዚያ ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ኢመልማን በ2008 ማስተርስን ወስዷል። ኬንያውያን በዚህ ሳያበቁ ሳፋሪ ቱር የሚባል የራሳቸውን አነስተኛ ዙር ፈጠሩ፤ እዚያ ብዙ ነጥብ ያገኙ ባለሙያዎችም ኬንያ ኦፕን ላይ ተሰልፈዋል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ሲሳይ ለማ በ2012 ጣሊያን ካርፒ ላይ ማራቶን አሸነፈ፤ በ2015 ቪየናንና ፍራንክፈርትን፣ በ2018 ሊዩብሊያናን ጨመረ። ለንደንን ያሸነፈው በ2021 ነው። ከዚያ በ2023 ቫሌንሲያን በ2:01:48፣ በ2024 ቦስተንን ወሰደ። ከካርፒ እስከ ለንደን ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው፤ ይህም ሁለተኛ እርከን እንጂ ሌላ ሊባል አይችልም። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሲሳይ በጉዳት ሲወጣ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ገብቶ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን አመጣ። ተጠባባቂዋ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሚሆንላት አገር አሥረኛውና ሠላሳኛው ሯጯ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ መገመት አይከብድም። እነዚህ ሯጮች የሚኖሩት በየአገሩ ትንንሽ ከተሞች በሚደረጉ ውድድሮች ነው። ወደዚያ የሚልካቸው ማናጀር ነው፤ በልማድም ከሽልማቱ 15 በመቶ ይወስዳል። አሜሪካ ላይ ከሆነ 30 በመቶ ለግብር ይያዛል፤ የቀረውም የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ይጠብቃል። ሌሎች አሯሯጭ ሆነው 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጠብቀው ይወጣሉ፤ የተከበረ ሥራ ነው፣ አንዳንዱን ግን ዕድሜ ልኩን አሯሯጭ አድርጎ ያስቀረዋል። ማን ለየትኛው ውድድር እንደተመረጠ፣ ሌላው ለምን እንደቀረ ግን ተጽፎ የሚለጠፍበት ቦታ የለም።

«ሩጫ ሰዓት አለው፤ ሰዓት ካለ ነጥብ ለምኔ?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ሰዓት የሚነበበው ከመንገዱ፣ ከአየሩና ከአሯሯጩ ጋር ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነው አዲስ አበባ የተሮጠ ሰዓት ለውጭ አዘጋጅ ዘገምተኛ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ወጣቱ ጥሩ ሰዓት ለማምጣት ግብዣ ያስፈልገዋል፤ ግብዣውን ለማግኘት ደግሞ ጥሩ ሰዓት። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ደረጃ ነው፤ ጠንካራ ሯጮች በተሰለፉበት ሦስተኛ የወጣ፣ ቦታው ቆላም ሆነ ደጋ ሦስተኛ ነው። «ክለቦች አሉ» የሚለውም እውነት አለው። መከላከያ ወይም ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚከፍለው ደመወዝ ለብዙ አትሌት ህልውና ነው፤ ነገር ግን ደመወዝ የጎዳና ውድድር መግቢያ አይሆንም፣ ክለብ ላላገኘው የጃቢ ጠህናን ልጅም አይደርሰውም። የገንዘቡ ነገር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሕዝቡ ከፍሎ እንደሚሮጥ፣ ድርጅቶችም ስፖንሰር እንደሚሆኑ አሳይቷል። በአማራ ክልል አንዳንድ መንገዶች ላይ ሰላም በመጥፋቱ አሁን ውድድር ማሰናዳት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ይህ ግን ቦታውንና ጊዜውን ቢያዘገይ እንጂ ሕጉን ከመጻፍ አያግድም።

ለኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና ለክልል ፌዴሬሽኖች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በዓመት አምስት ወይም ስድስት የጎዳና ውድድሮችን በአንድ የነጥብ ሰሌዳ እሰሩ፤ ሰላሙ ሲፈቅድ አንዱ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ይሁን። ከሰሌዳው አናት የተገኙት ስንቶቹ ወደ ውጭ እንደሚላኩ፣ ስንቶቹ በአሯሯጭነት እንደሚታጩ አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ ማናጀሮችም ከዚያ ዝርዝር ይምረጡ። ሽልማቱ በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ሕጉ ግን ተጽፎ የመጀመሪያው ውድድር ከመጀመሩ በፊት መውጣት አለበት።