አስማት የማሽንን ቦታ ሲይዝ፦ የተከታታይ ፋንታሲ ልቦለድ አወጣጠን

ቴክኖሎጂ የሌለበት፣ ሥራው ሁሉ በአስማት የሚከናወንበት ዓለም ከፋንታሲ ልቦለድ ዘርፎች አንዱ ነው። በዚህ ዓለም ወፍጮ የሚዞረው፣ መልእክት የሚደርሰው፣ ሕመምተኛ የሚድነው በአስማት ነው። አሜሪካዊው ራንዳል ጋሬት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጻፍ በጀመራቸው የሎርድ ዳርሲ ታሪኮች አስማት ሕግ ያለው፣ በትምህርት የሚገኝና ፈቃድ የሚያሻው ሙያ ሆኖ ወንጀል ይመረመርበታል። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የገዳማትን ምስጢር ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር አጋብቶ በ«ራማቶሓራ» ቀጥሏል። በእነዚህ መጻሕፍት ጥንታዊው ምስጢርና ሳይንሱ አብረው ይኖራሉ። አስማት ቴክኖሎጂን ጨርሶ በሚተካበት ተከታታይ ልቦለድ ግን የደራሲው ዝግጅት ይበዛል፤ አንባቢ የለመደው መሣሪያ በተነሣ ቁጥር ሥራውን ማን እንደተረከበው መታወቅ አለበትና።

ዕቅዱ ከሥራ ይነሣል። ስልክ ወሬ ያደርሳል፤ መኪና ጭነት ያነሣል፤ ሚዛን ያስማማል፤ ማተሚያ ቤት እውቀት ያባዛል። ደራሲው እነዚህን ሥራዎች በዝርዝር ይጽፍና የትኛውን አስማት እንደሚሠራ፣ የትኛውን የሰው ጉልበትና የጋማ ከብት እንደሚሸከም፣ የትኛው ጭራሽ እንደማይሠራ ይወስናል። ሦስተኛው ምድብ ባዶ ከሆነ ታሪክ አይኖርም፤ ሁሉ በተቻለበት ዓለም የሚጎድል ነገር የለም፣ የሚጎድለው የሌለ ሰውም የሚታገልለት ነገር አያገኝም።

ቀጥሎ የአስማቱ ሕግ ይጻፋል። ሕጉ አራት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ኃይሉ ከየት ይመነጫል? ምን ያስከፍላል? ምን አይችልም? ማን ይማረዋል? ኧርሱላ ሌ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው የምድረ ባሕር ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ የኃይል ምንጭ የነገሮች እውነተኛ ስም ነው፤ ስሙን ያላወቀ አያዝዝም።

የስም ኃይል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ደብተራ የሚጽፈው የብራና ክታብ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ የአምላክ ኅቡእ ስሞችና የጠልሰም ሥዕሎች ይሰፍሩበታል፤ የባለቤቱም የክርስትና ስም ይገባበታል። የብራናው ርዝመት በልማዱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል። ከዚህ ልማድ አንድ ትልቅ የአወጣጠን ትምህርት ይገኛል። እያንዳንዱ ክታብ ለአንድ ሰው ብቻ ተለክቶ የሚዘጋጅ ከሆነ ፋብሪካ ሊያመርተው አይችልም። የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያው ዓመታት መማር አለበት፤ ለቆዳው እንስሳ ይታረዳል፤ ድሃው ወረፋ ይጠብቃል። አንዲት ገደብ የኢኮኖሚውን፣ የትምህርት ቤቱንና የመደቡን መልክ ትወስናለች። አስማትን በቴክኖሎጂ ቦታ የሚያስቀምጥ ደራሲ ዓለሙን የሚገነባው በዋነኛነት በእንዲህ ዓይነት ገደብ ነው። ይሁንና ክታቡም ሆነ የኦሮሞ ባህላዊ የእምነት መሪዎች የሆኑት የቃሉዎች ሥርዓት የሰዎች ሕያው እምነት ስለሆነ ጸሎታቸውን እንዳለ ገልብጦ መጠቀም አይገባም፤ አሠራሩን አጥንቶ የራስን ሕግ መፍጠር ይሻላል።

የተጻፈው ሕግ በአንድ ምርት ጉዞ ይፈተናል። ለዚህ የጅማ ቡና የተሟላ መፈተኛ ነው። በአጋሮ ዙሪያ ቀይ እሸት ቡና በእጅ ይለቀማል። የሚታጠበው ቡና ሳይውል ሳያድር በመፈልፈያ ይላጣል፣ በገንዳ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ እየተገላበጠ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ይደርቃል። ጀንፈል የሚሆነው ደግሞ ከነልጣጩ ፀሐይ ይሰጣል። አሁን ቡናን በአንድ ሌሊት የሚያደርቅ አስማት ይታሰብ። ያለ ወቅቱ የሚዘንብ ዝናብ ገበሬውን አያስፈራውም፤ አልጋ ላይ ቡና እያገላበጡ የሚውሉ ሴቶች ግን የቀን ገቢያቸውን ያጣሉ። በጥድፊያ የደረቀ ቡና ገለባው ይሰነጠቃል፣ ጎተራ ውስጥም አይበረክትም። ስለዚህ የአስማቱን ዋጋ ተፈጥሮ ራሷ አዘጋጅታዋለች፤ ደራሲው ማስተዋል ብቻ ይበቃዋል።

የዋጋ ወሬም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን ለሕዝብ ይፋ ማድረግን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል። ስልክ በሌለበት ዓለም የሩቅ ገበያን ዋጋ የሚያሳይ መስተዋት በነጋዴው እጅ ብቻ ቢኖር የሊሙ ገበሬ በጨለማ ይሸጣል። መስተዋቱ ስንት ነው፣ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ከምርቱ በኋላ መንግሥቱ ይታቀዳል። የቀድሞው የጅማ መንግሥት እዚህ ላይ ይረዳል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ ነበር፤ ከሥሩ የሚውለው የሂርማታ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በበቅሎ እያጋዙ ይመላለሱ ነበር፤ የመንግሥቱ ድንበር በቦይና በኬላ ይጠበቅ ነበር። በአየር የሚያሻግር አስማት ቢኖር ኬላ ቀረጥ አይሰበስብም፣ ቦይም ጠላት አይመልስም። እንዲህ ያለ ንጉሥ ወይ አስማቱን ይከለክላል፣ ወይ ባለሙያዎቹን ቤተ መንግሥት ያስገባል፣ ወይ ግዛቱን ያጣል። የተከታታዩ ዋና ግጭት ከነዚህ ምርጫዎች ይወለዳል።

በመጨረሻ ሥራው በቅጽ ይከፋፈላል። የመጀመሪያው ቅጽ በጠባብ ቦታ፣ ለምሳሌ በጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለ አንድ ቤተሰብ ዙሪያ ተወስኖ ሕጉን ቢያስተምር አንባቢ አይደናገርም። ሁለተኛው ወደ ቡና ከተሞቹ ወጥቶ የአስማቱን ዋጋ ማን እየከፈለ እንደኖረ ያሳያል። ሦስተኛው የኃይሉ ምንጭ ሲነጥፍ ወይም ባለቤት ሲቀይር መንግሥቱ የሚደርስበትን ይተርካል። በመጨረሻው ቅጽ ችግር የሚፈታ ማንኛውም ኃይል በመጀመሪያው ቅጽ መታየት ይኖርበታል። የፋንታሲ ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ እንዳብራራው፣ አስማት ችግርን በአጥጋቢ ሁኔታ የሚፈታው አንባቢ አስቀድሞ በተረዳው ልክ ነው።

በቅጾቹ መካከል ዓመታት ሊያልፉ ስለሚችሉ ደራሲው መዝገብ ይይዛል። በመዝገቡ የገጸ ባሕርያት ዕድሜና ዝምድና፣ የከተሞች ርቀት በበቅሎ ቀን፣ የክረምትና የለቀማ ወራት፣ የእያንዳንዱ አስማት ዋጋ፣ ማን የትኛውን ምስጢር በየትኛው ምዕራፍ እንዳወቀ ይሰፍራል። አዲስ ምዕራፍ ሲጠናቀቅ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ሕጉን የሚጥስ ትዕይንት ከተገኘ የሚታረመው ትዕይንቱ ነው።