ከኢፍጣር የተረፈው ቅርፊትና የተሰበረው አጥንት

በረመዷን የየቤታችን ጥራጊ ይበዛል። ስለ ኢስራፍ ስናስተምር የምናነሳው የተደፋውን ሾርባና የተረፈውን ሳምቡሳ ነው፤ የሾርባውን አጥንትና የእንቁላሉን ቅርፊት ከሪዝቅ የሚቆጥር የለም። ተመራማሪዎች ግን ከእነዚሁ የሰው አጥንት መጠገኛ ይሠራሉ።

የአጥንታችን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል፣ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው። የበሬም አጥንት እንዲሁ። ስቡና መቅኔው ከወጣ በኋላ ከ700 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል ሥጋዊው ክፍል ይጠፋና ነጭ፣ ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ ይቀራል። የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ 95 በመቶ ገደማው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በ900 ዲግሪ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል፤ ኖራው ከፎስፎሪክ አሲድ ጋር በልክ ሲዋሃድና እንደገና ሲተኮስ ያንኑ የአጥንት ማዕድን ይሰጣል። በስሌት ከአንድ እንቁላል ቅርፊት 5 ግራም ያህል ይወጣል።

ሐኪሙ ይህንን በጠጠር መልክ በጎደለው አጥንት ውስጥ ይሞላዋል፤ የደም ሥሮችና የአጥንት ሕዋሳት በቀዳዳዎቹ ገብተው ያድጉበታል። እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሆነ ብቻውን የሰውነት ክብደት አይሸከምም። (ቤቱ ቅርፊት ፈጭቶ ቁስል ላይ የሚነሰንስ እንዳይኖር አደራ!)

ለእኛ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አጥንቱ የምን እንስሳ ነው? በገበያ የበሬም፣ የፈረስም፣ የአሳማም አለ። በ676 ሂጅራ (በ1277 እንደ ጎርጎርዮሳዊው) የሞቱት ኢማም ነወዊ ሚንሃጅ በተባለው ኪታባቸው፣ ስለ ሶላት በሚያወሳው ክፍል፣ አጥንቱን በነጃሳ የጠገነን ሰው አንስተዋል፤ ንጹሕ ያጣ ሰው ዑዝር አለው። በደረሳነታችን ስንቀራው ሩቅ ነገር ይመስለን ነበር።

እሳት ነጃሳውን አይለውጠውም ወይ የሚል ይኖራል። ሐነፊዮች የአንድ ነገር ተፈጥሮ ሲለወጥ ብይኑም ይለወጣል ይላሉ፤ ከአሳማ በቀር የበክትን አጥንትም ንጹሕ ያደርጉታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ነጃሳ በመቃጠል አይጠራም። ለእኔ ክርክሩን ከሥሩ የሚያቀልለው የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ነው፤ መነሻው ንጹሕ ነውና። ከሐላል እርድ የተረፈ የበሬ አጥንትም እንዲሁ። ሁለቱም ከየሬስቶራንቱና ከየቄራው በየቀኑ ይጣላሉ።

ስለዚህ ልጅዎ ወይም እናትዎ የአጥንት መሙያ ያስፈልጋቸዋል ከተባለ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን «ዶክተር፣ ከምን የተሠራ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ምርጫ ካለ ንጹሑን ይምረጡ። ከሌለና ሕክምናው ግድ ከሆነ በሽተኛውን አያስቀሩ። ቀድሞ የተደረገለት ሰውም ምንጩን ዛሬ ሰምቶ ደንግጦ ላውጣው አይበል፤ ማውጣቱ ጉዳት የሚያስፈራ ከሆነ ሻፊዒዮችም አያስገድዱትም። ሶላቱን ይስገድ።