በኩንታሉ ውስጥ የተሸሸገው ውሃ፦ ሻጋታ በእህልና በበርበሬ ላይ ስለሚያሳድረው መርዝ

ከኅዳር ወር ጀምሮ የጃቢ ጠህናን፤ የቡሬና የወንበርማ ገበሬ በቆሎውንና ዛላ በርበሬውን ጭኖ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ገበያ ያወርዳል። በሚዛኑ ዙሪያ የሚሰማው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ስንት መዘነ?» የሚለው ነው። «ምን ያህል ደርቋል?» ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው የማያንስ መሆኑን፤ የነጋዴውን ገንዘብና የበላተኛውን ጤና በአንድነት የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

እኔ በአንድ ነጋዴ ቤት የመጋዘኑን መዝገብ የምይዝ ጸሐፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጭነት ዛላ በርበሬ ገዛን። ሻጩ ዛላው እንዳይሰባበር በሚል ምክንያት ውሃ ረጭቶት ነበር፤ እኛም ይህን እያወቅን፤ ክብደቱ በተራችን ስንሸጥ ይጠቅመናል ብለን ዝም አልን። ጆንያዎቹ በመጋዘኑ ወለል ላይ ተደራርበው ሦስት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ሲፈቱ ከውስጣቸው ሙቀት ወጣ፤ የዛላውም ሆድ ግራጫና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ተገኘ። የገባውን ኩንታል በመዝገብ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ የተጣለውንም የጻፍሁት እኔው ነኝ። ነገር ግን ሁሉም አልተጣለም። ሻጋታው ቀለል ያለበት ተራግፎ፤ ፀሐይ እንዲመታው ተሰጥቶ፤ ለሚያስፈጭ ሰው ተሸጠ። ሻጋታው ከተራገፈ ጉዳቱም አብሮ የተራገፈ መስሎን ነበር። እንዲህ አለመሆኑን የተረዳሁት የሳይንስ ሊቃውንት በዚህ ረገድ የደረሱበትን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ነገሩ በዓለም ላይ በይፋ የታወቀው በእንስሳት መኖ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ የቤት ወፎች ከመቶ ሺህ በላይ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። የሞታቸው ምክንያት ስላልታወቀ በሽታውን «የተርኪ ኤክስ በሽታ» ብለው ጠሩት። ተመራማሪዎች የወፎቹን መኖ ሲመረምሩ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ እንዳለበት፤ በፋጉሎውም ላይ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የተባለ ሻጋታ እንደ በቀለ ደረሱበት። ሻጋታው የሚያመነጨውንም መርዝ ከራሱ ከሻጋታው ስም ወስደው አፍላቶክሲን ብለው ሰየሙት።

እዚህ ላይ ሻጋታውንና መርዙን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሻጋታው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ዘሩም በአፈርና በአየር ውስጥ በሁሉም ስፍራ ይገኛል። በእህል ላይ አድጎ መርዝ ለመሥራት እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋል። በቆሎ ከመቶ እጅ 13 ያህል ውሃ ብቻ ሲቀርበት ሻጋታው ለማደግ ይቸገራል፤ እርጥበቱ ከዚያ እያለፈ ሲሄድና ሙቀቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን በብርቱ ይስፋፋል። መርዙ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሻጋታው ቢራገፍ ወይም በፀሐይ ቢደርቅ መርዙ በፍሬው ውስጥ ይቀራል። ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ በዓይንም አይታይም። የምጣድና የድስት እሳት ጥቂቱን ቢቀንሰው እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የእንጀራው መጋገር ወይም የበርበሬው መታመስ መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

መጠኑም እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ ጎጂ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሰው ምግብ የፈቀደው ወሰን በአንድ ኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ሲሰላ በ10 ኩንታል በቆሎ ውስጥ 20 ሚሊግራም፤ ማለት የአንዲት የስንዴ ፍሬ ግማሽ ክብደት ያህል ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለበርበሬ የወሰነው የዚህን እኩሌታ፤ ማለት 10 ማይክሮግራም ነው።

ብዙ መርዝ በአንድ ጊዜ የገባበት ሰው ጉበቱ በጥቂት ቀናት ይጎዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በጎረቤታችን በኬንያ፤ በምሥራቃዊው ክፍል፤ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚበላ ሰው ግን ሕመሙ ስለማይሰማው ራሱን አይጠብቅም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የጉበት ነቀርሳ ሊይዘው ይችላል። ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ነቀርሳ ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተራ መድቦታል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ሲሆን አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰልህ። በ1970 ዓ.ም. ግድም በወሎ፤ በዋድላ ደላንታ፤ ገብሱ ኧርጎት የተባለ ሌላ ሻጋታ ከያዘው ሲናር ጋር ተቀላቅሎ ስለ ተበላ የብዙ ሰዎች እጅና እግር እየጠቆረና እየደረቀ እስከ መቆረጥ ደርሷል፤ የሞቱም ነበሩ። እንደዚሁ ያለ መከራ በ1993 ዓ.ም. በአርሲ ታይቷል።

አፍላቶክሲንን በሚመለከት ደግሞ ዶክተር አማረ አያሌው ከባልደረቦቻቸው ጋር በገብስ፤ በማሽላ፤ በጤፍና በስንዴ ላይ ያደረጉት ምርመራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ታትሟል። ከ352 ናሙናዎች ውስጥ ከመቶ 8.8 በሚሆኑት ዋነኛው የአፍላቶክሲን ዓይነት ተገኝቶባቸዋል። እኚህ ሊቅ ኋላ በአፍሪካ ኅብረት ሥር የተቋቋመውን የአፍላቶክሲን መከላከያ ትብብር በኃላፊነት መርተዋል። ከዚያ አስቀድሞ በ1996 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተመረመረው ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ውስጥ መርዙ የተገኘው በጥቂቶቹ ናሙናዎች ላይ ቢሆንም፤ በተገኘባቸው ላይ መጠኑ ዛሬ ከሚፈቀደው ወሰን እጅግ የላቀ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካው የወተቱ ጉዳይ ነው። በ2016 በታተመው ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተወሰዱት 110 የወተት ናሙናዎች ለአውሮፓ ኅብረት ወሰን የበቁት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። መርዙ ወደ ወተቱ የገባው ከመኖው ሲሆን ከመኖዎቹም ውስጥ በብርቱ የተበከለው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ኑግ የጎጃምም አዝመራ ስለ ሆነ፤ ከዚህ በእርጥበቱ የተጫነ ፋጉሎ በከተማ በሕፃን ጽዋ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚሄደው በርበሬና ሌላው ቅመም በአፍላቶክሲን ምክንያት ምርመራ እንዲበዛበት አዝዟል። የተመለሰ ጭነት ኪሣራው የላኪው ብቻ ሳይሆን እስከ ገበሬው ድረስ የሚወርድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እየታወቀ ገበሬው ስለ ምን አያደርቅም? ብለን ስንጠይቅ መልሱ በራሳችን ሚዛን ላይ ይገኛል። ከመቶ 18 እጅ ውሃ ያለበት አንድ ኩንታል በቆሎ 82 ኪሎ ደረቅ ነገርና 18 ኪሎ ውሃ ነው። ገበሬው ይህንኑ ከመቶ 13 እጅ እርጥበት እስኪቀርበት ቢያደርቀው ሚዛን ላይ ሲወጣ 94 ኪሎ ከሩብ ያህል ብቻ ይመዝናል። ለእርጥቡም ለደረቁም በኪሎ አንድ ዋጋ የምንከፍል ከሆነ፤ በትጋት ያደረቀውን ሰው ወደ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ ዋጋ ቀጣነው፤ ያላደረቀውን ደግሞ ሸለምነው ማለት ነው። ስለዚህ ገበሬውን ከመውቀስ በፊት ለደረቀው በቆሎ በኪሎ ከመቶ 6 ያህል ጨምሮ መክፈል ፍትሕ ነው። ይህ ጭማሪ ስጦታ አይደለም፤ ለውሃ ይከፈል የነበረውን ገንዘብ ወደ እህሉ መመለስ ነው እንጂ።

ድርቀትን ለማወቅ የግድ መሣሪያ አያስፈልግም። ንጹሕና ደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ወስዶ እስከ ሩቡ በቆሎ፤ በላዩም ጥቂት በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሮ ለሁለት ደቂቃ ያህል መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከመቶ 15 በላይ ስለ ሆነ ለመጋዘን አይበቃም። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ወርዷል ማለት ነው እንጂ ፈጽሞ ደርቋል ማለት ስላልሆነ፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ፀሐይ ማስመታት ይገባል።

ከዚህም በላይ የሚከተሉትን መጠበቅ ይጠቅማል። አንደኛ፤ በቆሎም ሆነ በርበሬ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ይሰጣ። ሁለተኛ፤ የተሰባበረው፤ የነቀዘውና ቀለሙ የተለወጠው ፍሬ ተለቅሞ ይውጣ፤ የመርዙ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው በእነዚህ ጥቂት ፍሬዎች ነውና። ሦስተኛ፤ በጆንያውና በወለሉ መካከል እንጨት ይደርደር፤ ከግድግዳውም ራቅ ይበል። አራተኛ፤ በዛላ በርበሬ ላይ ውሃ ከቶ አይረጭ። የተሰባበረ ዛላ ዞሮ ዞሮ ዱቄት ይሆናል፤ የሻገተ ዛላ ግን ምንም አይሆንም። አምስተኛ፤ የሻገተው እህል ለከብት፤ ለዶሮ ወይም ለአረቄ ይሁን አይባል። አረቄው ሲወጣ መርዙ በአተላው ውስጥ ይቀራል፤ አተላውን ላም ትበላለች፤ ወተቷንም ልጆቻችን ይጠጣሉ።

ያ በርበሬ የተሸጠለት ሰው ማን እንደ ነበረ ዛሬ በመዝገባችን ላይ ስሙ አለ፤ የበሉት ሰዎች ስም ግን የለም። ከዚያ ወዲህ በመጋዘናችን መዝገብ ከክብደቱ ዓምድ ጎን አንድ ሌላ ዓምድ አስምሬ «ድርቀት» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጨው የተጣበቀበት ጭነት እስኪደርቅ ድረስ ወደ መጋዘን አይገባም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ ይህችን አንዲት ዓምድ በየመዝገባቸው ቢጨምሩ፤ ወጪው የአንድ ጠርሙስና የአንድ እፍኝ ጨው ነው።