የተሻረው ፕሮቶኮሉ እንጂ ትእዛዙ አይደለም

ኤስሲፒ ፋይልን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርክ የሚቀዳ የተርሚናል ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ትእዛዙ፣ ቀጥሎ የሚቀዳው ፋይል፣ በመጨረሻም የተጠቃሚው ስም፣ የሩቁ ኮምፒውተር አድራሻና በሁለት ነጥብ የተለየ የማረፊያው ፎልደር ይጻፋል። አጠቃቀሙ ይኸው ነው። ማብራሪያ የሚያሻው «ኤስሲፒ ምስጠራው ተሰብሯል፤ ተሰርዟል» የሚለው ወሬ ነው። ሁለቱም ሐሰት ነው።

ምስጠራው ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘው የኤስኤስኤች ሥራ ነው። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩለነን እ.ኤ.አ. በ1995 ኤስኤስኤችን የሠራው በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት ከተጠለፉ በኋላ ነበር። ኤስሲፒ ደግሞ አርሲፒ የተባለውን የቆየ የመቅጃ ዘዴ እንዳለ ወስዶ በተመሰጠረው መስመር ውስጥ አሳለፈው። መስመሩ ተጠበቀ፤ በውስጡ የሚካሄደው ንግግር፣ ማለትም ፕሮቶኮሉ፣ ግን የድሮው እንደሆነ ቀረ። ችግሩም ያለው እዚያ ነው።

በዚህ በድሮው ፕሮቶኮል ፋይል ሲጠየቅ የጠያቂው ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ገብቶ በሩቁ ማሽን ላይ ያንኑ የኤስሲፒ ፕሮግራም ያስነሣል። ያኛው አንድ መስመር ይልካል፦ «ሲ» የሚባለው የላቲን ፊደል፣ እንደ 0644 ያለ የፈቃድ ቁጥር፣ የፋይሉ መጠን በባይት፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። ተቀባዩ ዋጋው ዜሮ የሆነ አንድ ባይት መልሶ መቀበሉን ያሳውቃል፤ ይዘቱም መፍሰስ ይጀምራል። እዚህ ላይ ስሙን የሚጽፈው ላኪው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የድሮው ተቀባይ በስሙ ውስጥ እዝባር አለመኖሩን ያያል እንጂ ስሙን ከተጠየቀው ጋር አያስተያይም ነበር። ተንኮለኛ ሰርቨር «ሪፖርት» ሲጠየቅ በምትኩ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር የሚነበበውን የሼል (የትእዛዝ ተርጓሚው) ማዋቀሪያ ፋይል ሊልክ፣ ነባሩንም ሊደመስስ ይችል ነበር። ዕቃ ያዘዘ ሰው በመጣለት ሣጥን ላይ ላኪው የለጠፈውን ስም ካዘዘው ጋር ሳያስተያይ ጎተራ እንደማስገባቱ ነው።

ለምን አላስተያየም? በኮከብ ምልክት ብዙ ፋይሎች ሲጠየቁ ምልክቱን ወደ ስሞች የሚፈታው የሩቁ ማሽን ሼል ነበር፤ ጠያቂው የትኞቹ ስሞች እንደሚመጡ አስቀድሞ አያውቅም ነበር። ኤስሲፒን የያዘው የኦፕንኤስኤስኤች ሶፍትዌር አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2019 የስም መመርመሪያ ቢጨምሩም፣ ፕሮቶኮሉ ያረጀና በቀላሉ የማይጠገን መሆኑን ያኔውኑ አስታውቀዋል።

ይሁንና አደጋው ከልክ በላይ መጋነን የለበትም። መስመሩን የሚያደምጥ ሦስተኛ ወገን በዚህ ቀዳዳ አይገባም፤ ሰርቨሩ ራሱ የተጠለፈ ወይም አስመሳይ መሆን አለበት። አስመሳዩ ደግሞ የሚያልፈው በመጀመሪያው ግንኙነት ላይ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን የቁልፍ አሻራ አሳይቶ «ይቀጥል?» ለሚለው ጥያቄ ተጠቃሚው ሳያመሳክር «አዎ» ሲል ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ አያመሳክርም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.0 ትእዛዙን ሳይነካ ከሥሩ ያለውን ፕሮቶኮል ኤስኤፍቲፒ በተባለ ሌላ የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል ተካው። አሁን የፋይሎቹን ዝርዝር ጠይቆ የኮከብ ምልክቱን የሚፈታው ጠያቂው ራሱ ነው፤ የሩቁ ሼል ከመሃል ወጥቷል። በዚህም የተነሣ ክፍት ቦታ ያለበትን የፋይል ስም ለሩቁ ሼል ሲባል በተጨማሪ፣ በሁለተኛ ጥቅስ መክበብ ቀርቷል፤ በዚያ ልማድ የተጻፉ የቆዩ ስክሪፕቶች ግን ሊሰናከሉ ይችላሉ። ድሮፕቤር የሚባለውን ትንሽ ሰርቨር የያዙ ራውተሮች ብዙውን ጊዜ የኤስኤፍቲፒ ክፍል ስለማይኖራቸው ቅጂው ግንኙነቱ መዘጋቱን በሚገልጽ አጭር መልእክት ይቋረጣል፤ ትእዛዙም የሞተ ይመስላል። ሰረዝና ትልቁ የላቲን «ኦ» ሲጨመሩበት በድሮው ፕሮቶኮል ይሠራል። ይህ ግን ለሚታመን መሣሪያ ብቻ ነው።

በአዲሱም ፕሮቶኮል ኤስሲፒ የተቋረጠ ቅጂን ከቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። መስመሩ የሚዋዥቅበት ሰው ትልቅ ፋይል ሲልክ፣ በዚያው በኤስኤስኤች ውስጥ የሚያልፈውንና ከፊል ፋይሉን እንዲያቆይ ሊታዘዝ የሚችለውን አርሲንክ የተባለ የመቅጃ ፕሮግራም ቢጠቀም ይሻለዋል።